«ነግ በእኔ» በክፍል ውስጥ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የ5ኛ ክፍል ሆም ሩም መምህር ነኝ፤ 54 ተማሪዎች አሉኝ። አንዱ ይንተባተባል። ለማንበብ ሲነሳ አራት ልጆች አነጋገሩን ይኮርጁበታል፤ ሌላው ይስቃል። «እናንተ ብትሆኑስ?» ብዬ ሁለት ጊዜ መክሬያለሁ፤ እጅ ለእጅ አጨባብጬ ይቅርታም አስጠይቄያለሁ። ሁለት ቀን ጋብ ይልና ያገረሻል። የሰው ስሜት እንዲሰማቸው ማድረግ ይቻላል?
(መምህር፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ይቻላል፤ ግን ከአራቱ አይጀምሩ። አራቱን የሚያበረታታቸው የክፍሉ ሳቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ የካናዳ ጥናት ልጆችን በትምህርት ቤት ግቢ በካሜራ ተከታትሎ ነበር። ከታዩት ጥቃቶች በ88 በመቶው ሌሎች ልጆች ቆመው ያያሉ። ጣልቃ የገቡት በ19 በመቶው ብቻ ነው። ከገቡባቸው ውስጥ ግን በ57 በመቶው ጥቃቱ በ10 ሰከንድ ውስጥ ቆሟል። በፊንላንድ የቱርኩ ዩኒቨርሲቲ የቀረጸው፣ እ.ኤ.አ. ከ2009 ወዲህም በአገሪቱ ትምህርት ቤቶች በስፋት የተሠራበት «ኪቫ» የሚባለው የተማሪዎች ጥቃት መከላከያ ፕሮግራም የሚያተኩረውም በእነዚሁ ቆመው በሚያዩት ልጆች ላይ ነው።

«እናንተ ብትሆኑስ?» በክፍል ፊት ሲነገር የማይሠራው፣ ስለ ማን እንደሚወራ ሁሉም ስለሚያውቅ ነው። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ይሰማል፤ ይህ ለእሱ ሁለተኛ መጋለጥ ነው። እርቁም እንደዚያው። እርቅ እኩል ለተጣሉ ሰዎች ነው። እዚህ አራት በአንድ ነው፤ የተጨባበጠው ልጅ «ምንም አልሆንኩም» ለማለት ተገዷል፤ ነገ ቢከስ «ታርቀን የለም እንዴ?» ይሉታል።

እንዲህ ያድርጉ። መጀመሪያ ልጁን ሌሎች ሳያዩ ለብቻው ያነጋግሩት፦ ምን ይሉታል፣ የት፣ በየትኛው ክፍለ ጊዜ? «ለማንም አልናገርም» ብለው ግን ቃል አይግቡ፤ መጠበቅ የማይችሉት ቃል ነው። ቀጥሎ አራቱን በአንድ ቀን፣ ተነጋግረው እንዳይመጡ አከታትለው፣ እያንዳንዱን ለብቻው ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ያነጋግሩ። «ለምን አደረግህ?» ካሉ መልሱ «እኔ አይደለሁም» ነው። ይልቅ «እገሌ ለማንበብ ሲነሳ እየተቸገረ ነው፤ አንተ ምን አይተሃል?» ይበሉ። ማመን ሲጀምር አያሳፍሩት፤ «ነገ አማርኛ ክፍለ ጊዜ ላይ አንተ በበኩልህ ምን ታደርጋለህ?» ብለው የራሱን ሐሳብ ያስወጡት። «ጎበዝ ልጅ እሆናለሁ» መልስ አይደለም፤ «ሲያነብ መጽሐፌን አያለሁ» ግን መልስ ነው።

ከዚያ ክፍሉ የሚወዳቸውን ሦስት ልጆች ለብቻ ይጥሩ። ደካማና ዝምተኛ አይምረጡ፤ እነሱም ይፈራሉ። «ጠብቁት» አይበሏቸው፤ ጠባቂ ያለው ልጅ ይበልጥ ይታያል። ሥራው ትንሽና የተለመደ ይሁን፦ አንዱ አጠገቡ ይቀመጥ፣ አንዱ በእረፍት ወደ ኳሱ ይጥራው። ከአንድ ሳምንት በኋላ ልጁን፣ ቀጥሎም አራቱን እንደገና ያነጋግሩ። ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚያገረሸው ይህ ክትትል ስለሚዘለል ነው።

ለክፍሉ በሙሉ ደግሞ አንድ የ20 ደቂቃ ሥራ አለ። እያንዳንዱ በቁራጭ ወረቀት ላይ ለአንድ ጥያቄ የ«✓» ወይም የ«✗» ምልክት ብቻ ያድርግ፤ ቃል ከጻፉ የእጅ ጽሑፍ ይለያል። ጥያቄው፦ «ሰው ሲፎገር ደስ ሳይልህ የሳቅህበት ጊዜ አለ?» ወረቀቱን ሰብስበው መጀመሪያ ለራስዎ ይቁጠሩ፤ «✓» ከበዛ ቁጥሩን ሰሌዳው ላይ ይጻፉ። ልጆች የሚስቁት አብዛኛውን ጊዜ «ሌላው ወዶታል» ብለው ነው፤ ቁጥሩን ሲያዩ ያ ግምት ይፈርሳል። ከዚያ ጉልበት የሌለው ልጅም ምን ማድረግ እንደሚችል ይጠይቋቸው፦ አለመሳቅ፣ ተጠቂውን «ና እንጫወት» ብሎ መውሰድ፣ ለእርስዎ መንገር። የነገረዎትን ልጅ ማንነት አንዴ ከአፍዎ ካመለጠዎት ግን ከዚያ በኋላ ማንም አይነግርዎትም፤ «አሳባቂ» የሚለው ስም ከባድ ነው።

አንድ ነገር እንጨምር። የሚንተባተቡ ልጆች ከሌላ ሰው ጋር እኩል ድምፅ አውጥተው ሲያነቡ መንተባተቡ በብዙዎቹ ላይ በጣም ይቀንሳል። ለሁለት ሳምንት ክፍሉን በሙሉ ጥንድ ጥንድ አድርገው ያስነብቡ፤ እሱን ብቻ ከለዩ ይታወቅበታል። ቃሉንም አይጨርሱለት። «ምስኪን» የሚለውንም ከአፍዎ ያርቁ፤ ክፍሉ በምስኪንነቱ ካወቀው እንደ እኩያ አያየውም።

ጥያቄ፦ የ8ኛ ክፍል ልጄ ከገጠር የመጣን ተማሪ አነጋገር እየኮረጀ ያላግጥበታል፣ ደብተሩንም ቀዷል ተብዬ ተጠራሁ። ገረፍኩት። አሁን ጭራሽ አኩርፏል፤ የተጸጸተም አይመስልም። አንጀት የለውም ማለት ነው?
(አባት፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ የሚያላግጥ ልጅ የሰው ስሜት አይገባውም ማለት አይቻልም። አንዳንዱ እንዲያውም ከሌላው ይበልጥ ይገባዋል፤ የትኛው ቃል እንደሚያቆስል ባያውቅ ኖሮ አይሳካለትም ነበር። የሚጎድለው መነካቱ ነው። ግርፋት ደግሞ ይህን አይሰጥም፤ የተገረፈ ልጅ የሚያስበው ስለ ራሱ ሕመምና ስለከሰሰው ሰው ነው። ከዚያም በላይ፣ ጉልበት ያለው ጉልበት በሌለው ላይ እንደፈለገ እንደሚሆን ከእርስዎ አይቷል።

ንዴትዎ ሲበርድ፣ ሌላ ሰው በሌለበት፣ ያደረገውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያስተርኩት። «ቀልድ ነው» ሲል አይከራከሩት፤ «እሱ ሳቀ? ፊቱ ምን ይመስል ነበር? ከዚያ ወዴት ሄደ?» እያሉ ይጠይቁት። መልሱን እርስዎ አይስጡት፤ ዝምታው ቢረዝምም ይጠብቁ። ደብተሩን ከኪስ ገንዘቡ ገዝቶ፣ የተቀደደውን ኖት በእጁ ገልብጦ ይመልስ፤ የተጎዳው ልጅ ይቅርታውን መስማት ይፈልግ እንደሆነ መጀመሪያ መምህሩ ይጠይቀው። እቤቱ ይዘውት አይሂዱ፤ የተጎዳው ልጅ በወላጆቹ ፊት «እሺ» ለማለት ይገደዳል።

አንድ ጥያቄ ደግሞ ለእርስዎ፦ በእናንተ ቤት የሰው አነጋገር እየተኮረጀ ይሳቃል?

ጥያቄ፦ ልጄን ትምህርት ቤት ሲመቱት «መልሰህ ምታ» ልበለው?
(እናት፣ ከአዳማ)

መልስ፦ አይበሉት። አስተማሪ ብዙ ጊዜ የሚያየው ሁለተኛውን ቡጢ ነው፤ ስለዚህ የሚቀጣው እሱ ይሆናል። አጥር ሥርና ሽንት ቤት አካባቢ ብቻውን እንዳይቆም፣ «ተወኝ» ብሎ ቆም ሳይል ሰው ወዳለበት እንዲሄድ ቤት ውስጥ አለማምዱት። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ ማን እንደነበረ ጽፈው ይያዙ። ሦስት አራት ሲሞላ ጽሑፉን ይዘው ዩኒት ሊደሩ ጋ ይሂዱ፤ ከመውጣትዎ በፊትም ተመልሰው የሚነጋገሩበትን ቀን ያስቆርጡ።