የተቃዋሚዎች መሪ በፓርላማ፦ ከጅማ ለመጡ ጥያቄዎች መልስ

ስለ ፓርላማ አሠራር የምትጠይቁት ካለ አምጡ ብዬ ነበር። ከሄርማታ፣ ከጅሬንና ከዩኒቨርሲቲው ግቢ የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ በአንድ ጉዳይ ላይ ያረፉ ናቸው፤ እሱም የተቃዋሚዎች መሪ ነው። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ መምህር፣ የተቃዋሚዎች መሪ የሚባለው በምርጫ ሁለተኛ የወጣው ፓርቲ ሊቀ መንበር ነው?

መልስ፦ ሁልጊዜ አይደለም። የተቃዋሚዎች መሪ የሚባለው በምክር ቤቱ ውስጥ ትልቁን የተቃዋሚ ቡድን የሚመራው አባል ነው። ምክር ቤቱ ውስጥ ወንበር ከሌለው በምክር ቤቱ ሊመራ አይችልም። ኬንያን ብናይ፣ ራይላ ኦዲንጋ እ.ኤ.አ. በ2013 ለፕሬዚዳንትነት ተወዳድረው ሲሸነፉ የፓርላማ ወንበርም አልነበራቸውም። በኬንያ የተቃዋሚዎች መሪ ቦታ የሆነው የአናሳው ወገን መሪነት በሕገ መንግሥቱ የተደነገገ ቦታ ስለሆነ የያዘው ሌላ ሰው ነበር።

ጥያቄ፦ ከመቃወም ሌላ ሥራው ምንድን ነው?

መልስ፦ ዋናው ጉዳይ እዚህ ላይ ነው። በብሪታንያ ምክር ቤቱ ሥራ ላይ ባለበት ጊዜ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ረቡዕ ረቡዕ ጥያቄ ለመመለስ ይቀርባሉ። የተቃዋሚዎች መሪ እስከ ስድስት ጥያቄ የማንሳት ድርሻ አለው። አንዱ ጥያቄ በደፈናው ቢታለፍ በሁለተኛው ይመለስበታል፣ በሦስተኛው ያጠብቀዋል። አንድ ጊዜ ብቻ ጠይቆ የሚቀመጥ አባል ይህን ማድረግ አይችልም። በዚህ ላይ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓመት በሚሆን የምክር ቤቱ የሥራ ጊዜ 20 ቀናት አጀንዳውን የሚመርጡት ተቃዋሚዎች ናቸው፤ 17ቱ የትልቁ ተቃዋሚ ፓርቲ ናቸው። የመንግሥትን ሒሳብ የሚመረምረውን ኮሚቴም ተቃዋሚ ይመራዋል። መሪው ደግሞ እያንዳንዱን ሚኒስቴር የሚከታተል ሰው ከራሱ ወገን ይመድባል፤ የጥላ ካቢኔ የሚባለው ይህ ነው። ግብርናን እንዲከታተል የተመደበው ጠዋት ማታ ግብርናን ሲያጠና ይከርማልና ሚኒስትሩ ያመጣውን ቁጥር እዚያው ይሞግታል።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ መንግሥትን የሚቃወም ሰው ከመንግሥት ካዝና ደሞዝ መብላቱ ነውር አይደለም?

መልስ፦ አባቴ፣ ደሞዙ የሕዝብ ነው፤ ሰውየውም የሚሠራው ለሕዝብ ነው። ካናዳ እ.ኤ.አ. በ1905፣ ብሪታንያ በ1937 ለዚህ ቦታ በሕግ ደሞዝ ቆርጠዋል። ሥልጣን ላይ ያሉትን ሹማምንት የሚቃወም ሰው አገሩን የሚቃወም አለመሆኑን በሕግ ማጽናታቸው ነው። እኔ ትልቅ ነገር ነው እላለሁ።

ጥያቄ፦ ተቃዋሚዎቹ በጣም ጥቂት ከሆኑስ?

መልስ፦ ሕንድ ይህን አሳይታናለች። በታችኛው ምክር ቤት 543 የምርጫ ወንበሮች አሉ። በዚያ በቆየው ልማድ መሪ ተብሎ ዕውቅና ለማግኘት ከወንበሮቹ አንድ አሥረኛው ያስፈልጋል። ኮንግረስ ፓርቲ እ.ኤ.አ. በ2014 ያገኘው 44፣ በ2019 ደግሞ 52 ስለነበር ቦታው አሥር ዓመት ባዶ ቆየ። በ2024 99 ወንበር ሲያገኝ ራሁል ጋንዲ ያዙት። ቦታው ባዶ ሲሆን ጉዳቱ ከክብር ያልፋል፤ መሪው የምርመራ ቢሮ ኃላፊን የመሳሰሉ ሹማምንት ሲመረጡ ከመራጮቹ አንዱ ነውና።

ጥያቄ፦ የእኛስ ፓርላማ? ሕጉ ምን ይላል?

መልስ፦ ሕገ መንግሥታችን ስለ ተቃዋሚዎች መሪ አያወራም። አንቀጽ 56 አብላጫ ወንበር ያለው ፓርቲ ወይም ጣምራ ፓርቲዎች የአስፈጻሚውን አካል እንደሚያደራጁና እንደሚመሩ ይናገራል፤ ስለ ቀሪው ዝም ይላል። ሆኖም ባዶ እጅ አይደለንም። አንቀጽ 55 ምክር ቤቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩን ጠርቶ የመጠየቅና የአስፈጻሚውን አሠራር የመመርመር ሥልጣን ይሰጠዋል። በዚሁ አንቀጽ አንድ ሦስተኛ አባላት ከጠየቁ ምክር ቤቱ በአስፈጻሚው ሥልጣን ላይ ባለ ማንኛውም ጉዳይ መወያየት አለበት።

ይህን አንድ ሦስተኛ ልብ በሉት። ምክር ቤቱ 547 ወንበር ስላለው 183 ያስፈልጋል። በ1997 ዓ.ም. ምርጫ ከተቃዋሚዎቹ ቅንጅት 109፣ ኅብረት 52፣ የኦሮሞ ፌደራሊስት ዴሞክራሲያዊ ንቅናቄ 11 ወንበር አገኙ። ሲደመር 172 ነው፤ ለ183 የጎደለው 11 ብቻ። ብዙ የቅንጅት ተመራጮች ግን ወንበራቸውን ሳይረከቡ ቀሩ፤ ያ አጋጣሚ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። በ2002 ከተቃዋሚ ፓርቲዎች የገባው አንድ ሰው ነበር፣ በ2007 ደግሞ አንድም አልገባም። በ2013 ዓ.ም. አብን 5፣ ኢዜማ 4፣ የጌዴኦ ሕዝብ ዴሞክራሲያዊ ድርጅት 2 ወንበር አገኙ፤ የግል ተወዳዳሪዎችም ነበሩ። በእኛ በኦሮሚያ ኦፌኮና ኦነግ ከምርጫው ስለወጡ ጅማ ላይ የተቃዋሚ ድምፅ ሊወክል የሚችል ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። አንድ በጎ ጅምር ግን ነበር፤ ከዚያ ምርጫ በኋላ የመንግሥት ወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴን የአብን ተመራጭ እንዲመራው ተደርጓል።

ጥያቄ፦ መርካቶ ቡና እነግዳለሁ። ይህ ሁሉ ለእኔ ምን ይፈይዳል?

መልስ፦ የቡና ግብይትና ጥራት ቁጥጥር አዋጅ 1051/2009 የጸደቀው አንድም ተቃዋሚ በሌለበት ምክር ቤት ነው። አዋጁ ክፉ ነው አላልኩም። ረቂቁ ኮሚቴ ሲገባ ግን «ይህች አንቀጽ አቅራቢውን ስንት ታስወጣዋለች? ገበሬውስ ምን ይተርፈዋል?» ብሎ አጥብቆ መጠየቅ ሥራው የሆነ ሰው ቢኖር፣ እርስዎም አቤቱታዎን ይዘው የሚሄዱበት ሁለተኛ በር ይኖርዎት ነበር። የገዢው ፓርቲ አባል ሊሰማዎ ይችላል፤ ሚኒስትሩን በአደባባይ ለመሞገት ግን ፓርቲው ይይዘዋል።

ጥያቄ፦ ተቃዋሚው በተናገረው ቢከሰስስ?

መልስ፦ አንቀጽ 54 ማንኛውም አባል በምክር ቤቱ በሰጠው አስተያየት ወይም ድምፅ እንደማይከሰስ ይናገራል። ከባድ ወንጀል ሲፈጽም እጅ ከፍንጅ ካልተያዘ በስተቀርም ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ አይያዝም። ጥበቃው ለገዢው ፓርቲ አባልም እኩል ነው፤ የሚያስፈልገው ግን ከሁሉ በላይ ለተቃዋሚው ነው።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሕገ መንግሥት ሳይሻሻል የሚቀየር ነገር አለ?

መልስ፦ አለ። በአንቀጽ 59 ምክር ቤቱ የራሱን የአሠራር ደንብ ያወጣል፤ ስለዚህ በደንብ ብቻ ብዙ መሥራት ይቻላል። እኔ የማስቀድመው የመጠየቂያ ተራን ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ በቀረቡ ቁጥር የትልቁ ተቃዋሚ ቡድን መሪ ቀድሞ ይጠይቅ፤ መልሱን ሰምቶም ደግሞ የመጠየቅ ዕድል ይኑረው። ቀጥሎ ቢሮና ጥቂት አጥኚ ባለሙያዎች ይሰጡት፤ የዋና ኦዲተርን ሪፖርት ብቻውን አንብቦ የሚጨርስ ሰው የለም። የሒሳብ ቁጥጥሩ ኮሚቴም በገዢው ፓርቲ በጎ ፈቃድ ሳይሆን በደንቡ ለተቃዋሚ ይጻፍለት።