ስድስት ሰው የቀረው ቡድን ይዘጋ ወይ?

ጠያቂዋ እህታችን ያቀረቡት ጉዳይ በአጭሩ ይህ ነው፦ እ.ኤ.አ. በ2017 ከጎረቤቶችዎ ጋር ያቋቋሙት ተራማጅ የፖለቲካ ቡድን ድሮ በአንድ ስብሰባ 60 ሰው ይገኝበት ነበር፤ ዛሬ የሚመጡት 6 ብቻ ናቸው፤ እርስዎም ሰብሳቢም ጸሐፊም ሆነው ደክመዋል፤ ስለዚህ ቡድኑ ይዘጋ ወይስ ይቀጥል ብለው ጠይቀዋል። እኔ በሰሜን ቨርጂኒያ፣ በአሌክሳንድሪያ ከተማ አካባቢ፣ በተመሳሳይ ቡድን ውስጥ ከመጀመሪያው ስብሰባ ጀምሮ ስላለሁ ያየሁትን እነግርዎታለሁ። አይዝጉት፤ ነገር ግን አሁን በያዙት አያያዝም አይቀጥሉት።

የእኛም ቡድን የተወለደው በዚያው ሰሞን ነው። ጃንዋሪ 27 ቀን 2017 ፕሬዚዳንት ትራምፕ የ7 አገሮች ዜጎች ወደ አሜሪካ እንዳይገቡ የሚያግደውን ትእዛዝ ሲፈርሙ፣ ከታገዱት መካከል ጎረቤቶቻችን ሱዳንና ሶማሊያ ነበሩ። ዘመዶቻችንን በምንቀበልበት፣ በዋሽንግተን አቅራቢያ ባለው በዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ ሰዎች ተይዘው ሲቀሩ ቤቱ መቀመጥ ያቃተው ብዙ ነበር። በዚያ ቁጣ የመጣው ሰው ከልቡ የመጣ ነው፤ ሆኖም በየሳምንቱ መጥቶ ንግግር ከመስማት በቀር የሚይዘው ሥራ ስላልሰጠነው ቀስ በቀስ መቅረት ጀመረ። ያን ጊዜ «ሰው ሰለቸው» እንል ነበር። ዛሬ ጥፋቱ የእኛ፣ የአስተባባሪዎቹ፣ እንደነበረ አምናለሁ።

ይህን የተማርነው በከባድ መንገድ ነው። የኖቬምበር 7 ቀን 2017 የቨርጂኒያ ምርጫ ሦስት ሳምንት ሲቀረው የሰብሳቢያችን እናት አዲስ አበባ ውስጥ አረፉ፤ እሷም በዚያው ሌሊት ተሳፈረች። በቀጣዩ ቅዳሜ ጠዋት 22 በጎ ፈቃደኞች ቡናቸውን እንደያዙ መኪና ማቆሚያው ላይ ቆመው ሲጠብቁን፣ ለምርጫ ቅስቀሳ የሚንኳኩት ቤቶች ዝርዝር፣ የኢሜይሉ የይለፍ ቃል፣ የቤተ መጻሕፍቱ አዳራሽ ቀጠሮ፣ የእጩው ጽሕፈት ቤት ስልክ ሳይቀር በእሷ እጅ ብቻ እንደነበረ ተረዳን። ሐዘን ላይ ያለ ሰው ደውለን መጠየቅ ደግሞ አልሆነልንም። አንድ ሰዓት ያህል ከቆሙ በኋላ አብዛኞቹ ወደየቤታቸው ሄዱ፤ ከእነሱም ውስጥ ተመልሰው ያልመጡ አሉ።

በሚቀጥለው ስብሰባ፣ በአገር ቤት ሳሉ ለረጅም ዓመታት የእድር ጸሐፊ የነበሩ አንድ አባታችን ተነሥተው «የድንኳኑን ቁልፍ አንድ ሰው ብቻ ከያዘው፣ እሱ የሞተ ቀን በምን ልንቀብረው ነው?» አሉን። ሥራችንን እንደገና ያዋቀርነው ከዚያ ንግግር ተነሥተን ነው። ሰብሳቢዋ ትሠራው የነበረውን ሁሉ ወረቀት ላይ ብንጽፈው 14 የተለያዩ ሥራዎች ሆኑ። አንዱ ሰው ረቡዕ ማታ የስብሰባ ማስታወሻ ይልካል፤ ሌላው አዳራሽ ያስይዛል፤ ሌላው ቃለ ጉባኤ ይይዛል፤ ለእያንዳንዱም ምክትል አለው፤ ከስድስት ወር በኋላም ተረኛው ይለወጣል። ከሁሉም የበለጠ የጠቀመን ግን አዲስ ለመጣ ሰው በሁለት ቀን ውስጥ የሚደውል ሰው መመደባችን ነው። ደዋዩ «እርዱን» አይልም፤ «ቅዳሜ ከጠዋቱ 4 እስከ 6 ሰዓት ከእኔ ጋር ቤት ለቤት ይሄዳሉ?» ብሎ ቀንና ሰዓት ቆርጦ ይጠይቃል። ሰው እንደዚያ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ ፈጽሞ ሌላ ነው።

ስለ ቤት ለቤቱ ካነሣሁ፣ በእኛ ማኅበረሰብ መካከል ለምትሠሩ አንድ ብርቱ ማሳሰቢያ አለኝ። አንድ ምሽት አንዲት እናት በር ከፍተው «ሳትቀመጡማ አትሄዱም» አሉን። አብራኝ የነበረችው ወጣት አሜሪካዊት የቀሩንን ቤቶች እየቆጠረች ተጨነቀች፤ እኔ ግን ተቀመጥኩ። በዚያ የቡና ረከቦት ዙሪያ ከነበሩት ሴቶች አንዷ፣ ግሪን ካርድ ብቻ እያላት፣ የመራጭነት ቅጽ እንድንሞላላት ጠየቀችን። ዜጋ ያልሆነ ሰው ዜጋ ነኝ ብሎ ቢመዘገብ ከአገር እስከ መባረር ሊያደርሰው ይችላል፤ ስለዚህ በጎ ፈቃደኛ ሁሉ ቅጹን ከማውጣቱ በፊት ስለ ዜግነት መጠየቅ አለበት። ግሪን ካርድ ያለው ሰው በበጎ ፈቃድ ማገልገል እንደሚችል ስንነግራት ግን ደስ አላት፤ ዛሬ በአማርኛ ስልክ ከሚደውሉልን አንዷ እሷ ናት።

ስለ ገንዘብ ብዙ አልልም፦ መዋጮ የሚይዘውና ሒሳቡን የሚያየው ሁለት የተለያዩ ሰዎች ይሁኑ፤ ለፌዴራል ምርጫ በዓመት ከ1,000 ዶላር በላይ የሚሰበስብ ወይም የሚያወጣ ቡድን መመዝገብ ስለሚኖርበት፣ የክፍለ ግዛትዎንም ሕግ ጭምር አስቀድመው ያንብቡ።

«ይህ ሁሉ ልፋት ምን ያመጣል?» ለሚሉት ስድስቱ ሰዎች ደግሞ የቨርጂኒያን ነገር ይንገሩልኝ። ከዚያ ከ2017 ምርጫ በፊት 100 መቀመጫ ባለው የክፍለ ግዛቱ የተወካዮች ምክር ቤት ሪፐብሊካኖቹ ዴሞክራቶቹን 66 ለ34 ይመሩ ነበር፤ ከምርጫው በኋላ 51 ለ49 ሆነ። በኒውፖርት ኒውስ፣ በ94ኛው የምርጫ ክልል፣ ሁለቱ ተወዳዳሪዎች እኩል 11,608 ድምፅ ስላገኙ፣ ጃንዋሪ 4 ቀን 2018 ሪችመንድ ላይ ስማቸው ከሳህን በዕጣ ወጣ፤ መቀመጫውም በዕጣ ለሪፐብሊካኑ ደረሰ። አንድ በር ተጨማሪ ተንኳክቶ ቢሆን ኖሮ ዕጣ ባላስፈለገ ነበር። ያም ሆኖ ለዓመታት ተዘግቶ የነበረው የሜዲኬይድ (ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ሰዎች መንግሥት የሚሰጠው የጤና መድን) ማስፋፊያ በዚያው ዓመት ጸደቀና ወደ 400,000 የሚጠጉ ሰዎች የጤና ሽፋን የሚያገኙበት በር ተከፈተ። ከእኛ ቡድን አባላት መካከል ራሳቸው በዚያ የታከሙ አሉ።

ከ2020 ምርጫ በኋላ የእኛም ስብሰባ ወደ 9 ሰው ወርዶ ነበር። ሳምንታዊውን ስብሰባ ትተን በወር አንድ ጊዜ አደረግነው፤ በየስብሰባውም አንድ ብቻ የሚጨበጥ ሥራ ያዝን፤ አንድ ወር የትምህርት ቦርድ ስብሰባ ላይ መናገር፣ ሌላ ወር ስለ ቤት ኪራይ ለከተማው ምክር ቤት ደብዳቤ መጻፍ። ሰው የተመለሰው በእነዚህ ነው።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት የስም ዝርዝሩንና የይለፍ ቃሎቹን ቢያንስ ለሁለት ሰዎች ያስረክቡ። ሰብሳቢነቱን የሚለቁበትን ቀን ቆርጠው ለስድስቱ ያስታውቁ፤ ከዚያም ሁለት ወር ያለ ምንም ጸጸት ይረፉ። ለቀሩት 54 ሰዎች ደግሞ ይደወልላቸው፤ ነገር ግን የሚደውሉት እርስዎ አይሁኑ፤ ከስድስቱ መካከል እስካሁን ምንም ሥራ ያልተሰጠው ሰው ይደውል።