ዓይን ውስጥ ያለው ዘይት መቼና እንዴት ይወጣል? ከደሴና ከኮምቦልቻ ለመጡ ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

ባለፈው ስለ ሬቲና መላቀቅ ካነሳን በኋላ ጥያቄው ጎረፈ። አብዛኛው የተላቀቀ ሬቲና ሲጠገን ዓይን ውስጥ ስለሚደረገው ሲሊኮን ዘይት ነው። እኔ ደሴ ውስጥ የዓይን ነርስ ነኝ። አዲስ አበባ ታክመው የሚመለሱ ሰዎችን በየጊዜው ስለማይ ጭንቀቱን አውቀዋለሁ። የቻልኩትን ያህል እመልሳለሁ። የየአንዳንዳችሁን ዓይን ከውስጥ ያየው ግን የሠራላችሁ ሐኪም ነው። የእኔና የእሱ ቃል ከተለያየ የእሱን ያዙ።

«ዘይት ተደርጎልሃል አሉኝ። ምን ዓይነት ዘይት ነው? ቀስ እያለ ራሱ አይጠፋም?» (ከፒያሳ፣ ደሴ)

አይጠፋም፣ ወንድሜ። ሬቲና ከዓይን ጀርባ በኩል የተለጠፈ፣ ብርሃን የሚቀበል ስስ ሽፋን ነው። ሲቀደድ ፈሳሽ በቀዳዳው ከሥሩ ይገባና ከቦታው ያላቅቀዋል። ሐኪሙ ዓይን ውስጥ ያለውን ዝልግልግ ነገር ያወጣል፣ ሬቲናውን ወደ ቦታው ይመልሳል፣ የቀዳዳውን ዙሪያ በሌዘር ያጣብቃል። የተጣበቀው እስኪጠነክር ግን ደግፎ የሚይዝ ነገር ያስፈልጋል። እሱም ጋዝ ወይም ሲሊኮን ዘይት ነው። ጋዙ ሳምንታት ቆይቶ ራሱ ይጠፋል። ዘይቱ በቀዶ ሕክምና ካልወጣ እዚያው ይኖራል። ጥርት ያለ፣ ወፈር ያለ ፈሳሽ ነው። ለዓይን መዋል የጀመረው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1960ዎቹ መጀመሪያ ነው።

«ከተሠራሁ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ምንም አላመመኝም። ያልነካኝን ነገር ለምን እነካካዋለሁ?» (የጨርቃ ጨርቅ ጡረተኛ፣ ኮምቦልቻ)

ጋሼ፣ ብዙ ሰው እንደ እርስዎ ነው የሚያስበው። እኔን በጣም የሚያሳስበኝም ይኸው ነው። ሬቲናው በደንብ ከተያዘ ዘይቱ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ይወጣል። ሲቆይ የሚያመጣው ጣጣ መጀመሪያ ላይ አያምም።

ዘይቱ ሲሰነብት ወደ ጥቃቅን ጠብታዎች ይበታተናል። ጠብታዎቹ የዓይኑ ፈሳሽ የሚወጣበትን መንገድ ይዘጋሉ፣ የዓይን ግፊት ይጨምራል። ይህም ግላኮማ ያመጣል። ግላኮማ ደግሞ የወሰደውን ብርሃን አይመልስም። የራሱ ሌንስ ያለው ዓይን ላይ የዓይን ሞራም ብዙ ጊዜ ይከተላል። ዘይቱ ወደ ፊት መጥቶ ኮርኒያን ከነካ ደግሞ ጥርት ያለው የዓይን ፊት ይደፈርሳል።

በመመርመሪያው ማይክሮስኮፕ ስናይ አንዳንዱ ሰው ዓይን ላይ ከቀለሙ ክብ በላይኛው ጠርዝ ነጭ አረፋ ተጋድሞ እናገኛለን። መግል ቢሆን ኖሮ ወደ ታች ይዘቅጥ ነበር። ዘይት ግን ወጥ ላይ እንደሚንሳፈፈው ሁሉ ከውሃ ስለሚቀል ወደ ላይ ይወጣል። ያንን ያየንበት ሰው ብዙ ጊዜ «ደህና ነኝ» እያለ ነው የሚመጣው።

ሆን ተብሎ ዘይቱ የሚተውበት ዓይንም አለ። ቢወጣ ሬቲናው መልሶ የሚላቀቅ ከሆነ ወይም የዓይኑ ግፊት እጅግ የወረደ ከሆነ ሐኪሙ ሊተወው ይችላል። ያኔም ቢሆን ክትትሉ አይቀርም። ጋሼ፣ ሌላው ቢቀር በዚህ ሳምንት ግፊትዎን ያስለኩ። ለዚህ አዲስ አበባ መሄድ አያስፈልግም። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ያለው የዓይን ክፍል ቅርብዎ ነው።

«ሲወጣ ሙሉ ማደንዘዣ ነው? ያማል?» (ከሐይቅ)

አብዛኛውን ጊዜ ዓይኑ ብቻ ነው የሚደነዝዘው። ሕፃናትና ተረጋግተው መተኛት የማይችሉ ሰዎች ሙሉ ማደንዘዣ ይሰጣቸዋል። መርፌው ሲገባ ትንሽ ይሰማል፣ ከዚያ መነካካት እንጂ ሕመም የለም። በነጩ የዓይን ክፍል ላይ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይበሳሉ። በአንዱ ንጹሕ ፈሳሽ ይገባል፣ በሌላው ዘይቱ ይሳባል። ሐኪሙ ሬቲናውን ዙሪያውን ያያል፣ ካስፈለገ ሌዘር ይጨምራል። ሌላ ነገር ካልተጨመረበት ብዙ ጊዜ ከአንድ ሰዓት አያልፍም። አብሽር፣ ከመጀመሪያው ይህኛው ይቀላል።

«እናቴ ሞራም ጀምሯታል ተባለ። ሁለቱ አንድ ላይ ይሠራል?» (ከቧንቧ ውሃ፣ ደሴ)

ይሠራል፣ እህቴ። ብዙ ጊዜም እንደዚያ ነው የሚደረገው። እናትሽም ሁለቴ ከመመላለስ ይተርፋሉ። አንድ ነገር ግን ልብ በይ። የሚተከለው ሌንስ ቁጥር የሚወጣው የዓይኑን ርዝመት ለክቶ ነው። በድምፅ ሞገድ የሚለካው መሣሪያ ዘይት ሲያገኝ ይሳሳታል። ድምፅ በተፈጥሮው የዓይን ፈሳሽ ውስጥ በሰከንድ 1,532 ሜትር ገደማ ሲሄድ፣ በሲሊኮን ዘይት ውስጥ ግን 980 ገደማ ነው። ስለዚህ ሳይታረም ከቀረ ዓይኑ ከእውነተኛው ረዝሞ ይነበባል። ለሚለካው ባለሙያ «ዘይት አለበት» ብለሽ ንገሪው። በብርሃን የሚለካ መሣሪያ ካለ ይሻላል። ዘይቱ ከመግባቱ በፊት የተለካ ቁጥር ካርዱ ላይ ካለም ይዘሽ ሂጂ።

«አዲስ አበባ ወጥቶልኝ በማግስቱ አውቶቡስ ብይዝስ?» (ከኮምቦልቻ)

ይህን ጥያቄ ሁሉም ቢጠይቀው ደስ ይለኛል።

ዘይት ከፍታ ሲጨምር አይነፋም። ዘይት ዓይኑ ውስጥ ያለ ሰው በዚህ ረገድ በመኪናም በአውሮፕላንም ይሄዳል። ዘይቱ ሲወጣ ግን አንዳንድ ጊዜ በምትኩ አየር ወይም ጋዝ ይተዋል። አየር ወይም ጋዝ ደግሞ ከፍታ ሲጨምር ያብጣል። ዓይን የሚለጠጥበት ቦታ የለውም። ግፊቱ ይንራል፣ ደም ወደ ሬቲና መድረስ ያቅተዋል፣ ዓይኑ እስከ መጥፋት ሊደርስ ይችላል።

አሁን መንገዳችንን አስቡት። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር አካባቢ ነው። ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። «እኔ የምወርደው ኮምቦልቻ ነው፣ ቆላ ነው» ማለት አያድንም፣ በተለመደው መንገድ ጣርማ በርን ሳታልፍ ኮምቦልቻ አትደርስም። ኮምቦልቻ ከ1,800 ሜትር ትንሽ ከፍ ይላል፣ ደሴ 2,500 ገደማ ነው። ስለዚህ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚወስደውን ሐረጎን መውጣትም ራሱን የቻለ ዳገት ነው።

ከሆስፒታል ስትወጡ ይህችን ጠይቁ፦ «ዓይኔ ውስጥ አየር ወይም ጋዝ ቀርቷል? ወደ ወሎ በመኪና መቼ ልሂድ?» ብዙዎቹ ሐኪሞች አገራችሁ የት እንደሆነ ካልነገራችኋቸው ዳገቱን አያስቡትም። ተራ አየር በአብዛኛው በሳምንት ገደማ ይጠፋል። ጋዝ እንደ ዓይነቱ ከ2 ሳምንት እስከ 2 ወር ሊቆይ ይችላል። ውሃ ብቻ ከሆነ የተተካው ከፍታው አያሰጋም። መንገድ ላይ ዓይን አጥብቆ ካመመ፣ ካቅለሸለሸ፣ ብርሃን ከደበዘዘ ወደ ላይ መቀጠል የለም። ዝቅ ወዳለ ቦታ ተመልሶ ቶሎ ሐኪም ጋ መድረስ ነው። በሌላ ሕመም ሙሉ ማደንዘዣ ሊሰጣችሁ ቢታሰብም ጋዝ እንዳለ ተናገሩ።

«ሱጁድ እንዴት ላድርግ? ውዱእስ?» (ከሳላይሽ፣ ደሴ)

ዘይቱ ከወጣ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሳምንታት ማጎንበስና ከባድ ነገር ማንሳት ብዙ ሐኪም ይከለክላል። ወንበር ላይ ተቀምጦ መስገድ ይቻል እንደሆነ ኡስታዝህን ጠይቅ፣ የሐኪሙንም ቃል ንገረው። ውሃ ዓይን ውስጥ መግባት የለበትም፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት። ፊትን ዓይንን ሳይነኩ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ነው። ጠበል ለሚሄዱም ያው ነው፦ ቁስሉ እስኪድን ዓይን ላይ አይረጭ። የታዘዘው የዓይን ጠብታ መድኃኒት በጾም ምክንያት አይቋረጥ።

«ከወጣ በኋላ መልሶ ይላቀቃል?» (ከደሴ፣ ሁለት ሰዎች ጠይቀዋል)

ሊላቀቅ ይችላል። ጥናቶች የሚሰጡት ቁጥር ይለያያል፣ ብዙዎቹ ከ10 ሰው 1 ወይም 2 አካባቢ ያደርጉታል። የሚያስፈራው በተለይ የመጀመሪያዎቹ ወራት ናቸው። ብልጭታ፣ ድንገት የበዙ ጥቁር ነጠብጣቦች፣ ከአንድ ጎን እየገፋ የሚመጣ ጥላ፣ እነዚህን ያየ ቀጠሮ አይጠብቅ። ሕመም የለውም ብሎም አይዘናጋ። ከባድ ሕመም፣ የሚጨምር መቅላት ወይም ፈሳሽ ካለ ደግሞ ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን መታየት አለበት። አንድ አስታማሚ ወንድሙን ይዞ ሲመጣ «ቀጠሮህ ገና ነው» ተብሎ ከበር እንደተመለሰ ነግሮኛል። እንዲህ ከተባላችሁ «ሬቲና ተሠርቶለት ነበር፣ አሁን ጥላ መጣበት» በሉ። ይህን የሰማ የዓይን ባለሙያ አይመልሳችሁም።

«ዘይቱ ሳይወጣ መነጽር ላሠራ?» (ከኮምቦልቻ)

ቆይ። ዘይቱ የዓይኑን ቁጥር ይቀይራል። የራሱ ሌንስ ያለው ሰው ወደ ፕላስ 5 ወይም 6 ሊሄድ ይችላል፣ ሲወጣ መልሶ ይለወጣል። ከወጣ ከአንድ ወር ተኩል እስከ 3 ወር፣ ቁጥሩ ሲረጋ ተለካ። መሐል ላይ ያለው የሬቲና ክፍል ተላቆ ከነበረ ግን መነጽሩም ሙሉውን ላይመልስ ይችላል። ገንዘብህን ከማውጣትህ በፊት ይህንን ሐኪምህን ጠይቀው።