የአንባቢያን ጥያቄ፦ ጭሱ የጠፋ ከሰል ጉዳት አለው?

ጥያቄ፦ የምኖረው ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ነው። ክረምቱ ሲገባ በርና መስኮት ስለምንዘጋ ቡና የምቆላውም የማፈላውም ሳሎን ውስጥ በከሰል ሲሆን፣ ማታ ፍሙን ለሙቀት ወደ መኝታ ቤት አስገባዋለሁ። ከአልጋው ጀርባ ያለው ግድግዳ ሻግቷል፤ የአራት ዓመት ልጄንም ሳል አልለቀው ብሏል። ለጊዜው ዕጣን አጨሳለሁ። አየር ያጠራሉ የሚባሉትን አበቦች ልግዛ ወይስ ማጣሪያ መሣሪያ?

መልስ፦ ከግዢው በፊት ፍሙን ከዛሬ ማታ ጀምሮ ከመኝታ ቤት ያስወጡ። ከሰል ጭሱ ጠፍቶ ሲቀላ ጉዳቱ ያበቃ ይመስላል፤ ነገር ግን ቀለምም ሽታም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ያን ጊዜም ይወጣል። ይህ ጋዝ በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ስለሚይዝ፣ በተዘጋ ክፍል የተኛ ሰው ሳይነቃ ሊሞት ይችላል። ከቤተሰቡ አንዱ ራሱን እያዞረው ወይም እያቅለሸለሸው ቢነቃ፣ ወዲያው ወደ ውጭ አውጥተው ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት። ለብርዱ ተጨማሪ ብርድ ልብስ ይበቃል።

ሄፓ የተባለው ማጣሪያ ደቃቅ ብናኝን እንጂ ካርቦን ሞኖክሳይድን አይዝም። አበቦቹም ቢሆኑ ለዓይን ያማሩ ናቸው እንጂ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ የጥናቶች ግምገማ እንዳሳየው፣ መስኮት ከመክፈት ጋር የሚወዳደር ሥራ ለመሥራት በአንድ ካሬ ሜትር ከ10 እስከ 1,000 ተክል ያስፈልጋል። ዕጣኑ ደግሞ ሽታውን ይሸፍናል እንጂ አየሩን አያጠራም፤ ራሱ ደቃቅ ብናኝ ያለበት ጭስ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለደቃቅ ብናኝ የሚመክረው የዓመት አማካይ በአንድ ሜትር ኪዩብ 5 ማይክሮግራም ብቻ ስለሆነ፣ ልጁ እስኪሻለው ዕጣኑን ቢተዉት ይመረጣል።

ቡናውን ግን ማንም አይከለክልዎትም። ከሰሉን በረንዳ ላይ አቀጣጥለው እዚያው ይቁሉት፤ ምጣዱን ይዘው ገብተው እንግዶችዎን ማስሸተት ይችላሉ። ጀበናው የኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ቢጣድ ደግሞ የተሻለ ነው፤ መብራት ከሌለ ትይዩ የሆኑ በርና መስኮት ይከፈቱ።

የልጁን ሳል አየሩ እስኪስተካከል አይጠብቁ፤ ያስመርምሩት። አተነፋፈሱ ከፈጠነ ወይም ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ በዚያው ሰዓት ይውሰዱት።

ሻጋታው የእርጥበት ልጅ ነው። የጣሪያውን ፍሳሽና አሸንዳውን ያስፈትሹ፣ እርጥብ ልብስ ቤት ውስጥ አያስጡ፣ አልጋውንም አየር እንዲያልፍ ከግድግዳው ጥቂት ያርቁት። የሻገተውን በሳሙና ውኃ አጥበው በደንብ ያድርቁት፤ ፍሳሹ ሳይቆም ቀለም ቢቀቡት በሚቀጥለው ክረምት ተመልሶ ይወጣል።