የተሞከረው በማን ላይ ነው? ወደ ካንሰር መድኃኒት ሥራ ለምትገቡ ወጣቶች

ይድረስ በፋርማሲ፣ በሕክምናና በባዮሎጂ ትምህርት ላይ ላላችሁ ልጆቼ፤

አዲስ የካንሰር መድኃኒት በማበልጸግ ሥራ ለመሰማራት የምትፈልጉ ወጣቶች ሳገኝ የምትጠይቁኝ ሁልጊዜ ስለ ሞለኪዩሉ ነው። የትኛው ዒላማ ተስፋ አለው? የትኛው ኩባንያ ይቀድማል? እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት በክሊኒካል ሙከራ ሥራ ነው። ያየሁት ደግሞ መድኃኒት ብዙ ጊዜ የሚወድቀውም የሚነሳውም በፕሮቶኮሉ፣ ማለትም የሙከራው ዕቅድ በተጻፈበት ሰነድ ላይ መሆኑን ነው፤ ሙከራው ውስጥ ማን ይገባል፣ ማን ይቀራል፣ ከምን ጋር ይወዳደራል በሚለው ገጽ። ያንን ገጽ ማንበብ ልመዱ።

አንድ እውነተኛ ታሪክ ላንሳላችሁ (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ኪትሩዳ የመርክ፣ ኦፕዲቮ የብሪስቶል ማየርስ ስኩዊብ መድኃኒት ነው። ሁለቱም ካንሰርን የሚያጠቁ የሰውነት መከላከያ ሴሎች የሆኑትን የቲ ሴሎችን ፍሬን፣ ፒዲ-1 የተባለውን፣ የሚያስለቅቁ፣ አሠራራቸው በጣም የተቀራረበ መድኃኒቶች ናቸው። በ2014 ሁለቱም ሜላኖማ ለተባለው የቆዳ ካንሰር የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት የኤፍዲኤን ፈቃድ አገኙ። በሳንባ ካንሰር ኦፕዲቮ ቀደመ፤ በ2016ም በሽያጭ ይመራ ነበር። የቀረው ትልቁ ገበያ፣ የተሰራጨ የሳንባ ካንሰር እንዳለባቸው ገና ለታወቀ ሕሙማን ከኬሞቴራፒ በፊት መድኃኒቱን መስጠት ነበር።

እዚህ ላይ ሁለቱ ኩባንያዎች በአንድ ቁጥር ተለያዩ። ፓቶሎጂስቱ (በሽታን ከሕብረ ሕዋስ የሚመረምረው ሐኪም) ከባዮፕሲው፣ ማለትም ከሕመምተኛው ዕጢ ከተወሰደው ናሙና፣ የተቆረጠውን ስስ ቅንጣት ቀለም አስነክቶ በማይክሮስኮፕ ያየዋል። ያንን የፒዲ-1 ፍሬን የሚጫነው ፒዲ-ኤል1 የተባለው ፕሮቲን ያለበት የካንሰር ሴል ዙሪያውን ቡናማ ሆኖ ይታያል። ቢያንስ 100 የካንሰር ሴሎች ታይተው ከመቶ ስንቱ ቡናማ እንደሆነ ይገመታል። መርክ 50 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነላቸውን 305 ሕሙማን ብቻ አስገባ። ብሪስቶል ከ1 በመቶ ጀምሮ ተቀበለ፤ ዋናውን ውጤት የለካው ደግሞ 5 በመቶና ከዚያ በላይ በሆኑት ላይ ነበር። ብዙ ሕሙማንን የሚያቅፍ ፈቃድ ብዙ ይሸጣልና ሐሳቡ ከንግድ አንጻር ይገባል።

በመርክ ሙከራ ግማሾቹ ሕሙማን በሽታው ሳይገፋባቸው የቆዩበት ጊዜ 10.3 ወር ሆነ፤ ኬሞቴራፒ በወሰዱት ግን 6 ወር ነበር። በብሪስቶል ሙከራ ኦፕዲቮ 4.2 ወር፣ ኬሞቴራፒው 5.9 ወር። ዜናው ነሐሴ 2016 ሲሰማ ኩባንያው በአንድ ቀን በቢሊዮኖች የሚቆጠር የአክሲዮን ዋጋ አጣ። በ2023 ኪትሩዳ 25 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሲሸጥ ኦፕዲቮ 9 ቢሊዮን ገደማ ላይ ነበር። ሁሉንም ያመጣው ያ ቁጥር ብቻ ነው ማለቴ አይደለም። በብሪስቶል ሙከራ 50 በመቶ የሞላላቸው ለብቻቸው ሲታዩም ብልጫ አልታየም፤ ግን ሙከራው እነሱን ለብቻ ለመመዘን አልተሰናዳም፣ በሁለቱ ቡድኖች መካከል የነበራቸው ክፍፍልም የተመጣጠነ አልነበረም። እንዲህ ያለውን ነገር የሚያስተውል ሰው በዚህ ሙያ ብርቅ ነው።

ከምን ጋር ተወዳደረ የሚለውም እንዲሁ ነው። ኤፓካዶስታት የተባለው መድኃኒት ከኪትሩዳ ጋር ተደርቦ ሲሰጥ፣ ማነጻጸሪያ ቡድን ባልነበረባቸው የመጀመሪያ ሙከራዎች ተስፋው ትልቅ መስሎ ነበር። በ2018 ከ700 በላይ የሜላኖማ ሕሙማን በተሳተፉበት ሙከራ ከኪትሩዳ ብቻ ጋር ሲነጻጸር ምንም የጨመረው ነገር አልነበረም። በዚያው ዒላማ ይሽቀዳደሙ የነበሩ ሌሎች ኩባንያዎችም ሙከራቸውን አቋረጡ። እኔን የሚያንገበግበኝ የጠፋው ገንዘብ አይደለም። ለዚያ ሙከራ የፈረመ ሰው ያለው ጊዜ አጭር ነው፤ ሌላ ሙከራ ውስጥ የመግባት ዕድሉንም ለእኛ ሰጥቶናል። ተፎካካሪ ስለሮጠ ብቻ መሮጥ የእነዚህን ሰዎች ጊዜ ማባከን ነው፤ ይህን የምለው በምሬት ነው።

አሁን ውድድሩ ወደ ቻይና ሰፍቷል። በ2024 በሳንባ ካንሰር በሽታው ሳይገፋ የቆየበት ጊዜ አይቮኔሲማብ በተባለው የቻይናው ኩባንያ አኬሶ መድኃኒት 11.1 ወር፣ በኪትሩዳ 5.8 ወር የሚል ውጤት ቀርቦ ዓለም ተደነቀ። ቁጥሩ ያስደንቃል። ግን የተሳተፉት 398ቱም ሕሙማን ቻይና ውስጥ የታከሙ ናቸው፤ ዕድሜ ያራዝማል ወይ ለሚለውም ያኔ መልስ አልነበረም። በ2022 የኤፍዲኤ አማካሪዎች ቻይና ውስጥ ብቻ የተሞከረውን ሲንቲሊማብ የተባለውን የሳንባ ካንሰር መድኃኒት አይተው 14 ለ1 ተጨማሪ ሙከራ ያስፈልጋል ብለዋል። አሜሪካ ለራሷ ሕዝብ እንዲህ ከጠየቀች፣ ስለ እኛ ሰው ማን ይጠይቅ?

ይህን የምላችሁ መድኃኒቱ ወደ እኛም እየቀረበ ስለሆነ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2025 የኪትሩዳን ንጥረ ነገር ለተሰራጨ የማህፀን ጫፍ ካንሰር ጭምር በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ አስገብቶታል። ይህ በሽታ በአገራችን ሴቶች ከጡት ካንሰር ቀጥሎ የሚገኝ ነው። አሜሪካ ውስጥ የኪትሩዳ ዋናው ፓተንት በ2028 ያበቃል ተብሎ ይጠበቃል፤ ሳምሰንግ ባዮኤፒስና አምጄን ከወዲሁ አምሳያውን እየሞከሩ ነው። ዋጋው ሲወርድ አዲስ አበባ ላይ የሚቀረው ጥያቄ ያው የፕሮቶኮሉ ጥያቄ ነው፤ ለማን ይሰጥ? ያንን ደግሞ የሚመልሰው ቡናማውን ሴል የሚቆጥረው ሰው ነው።

ስለዚህ በጥቁር አንበሳ ከ2011 ጀምሮ የሚሠራውን የአዲስ አበባ ካንሰር ምዝገባ መረጃ ማንበብ ጀምሩ፤ የትኛው ካንሰር በማን ላይ እንዳለ ከዚያ ታያላችሁ። ሐኪም ሆናችሁ ፓቶሎጂን እንደ ሁለተኛ ምርጫ የምታዩ ካላችሁም በምርጫ ዝርዝራችሁ መጀመሪያ ላይ ጻፉት።