ባቄላው በማን ድስት እንደሚበስል

ከባሕር ዳር ተነሥታችሁ ወደ ሱዳን እህል ለመላክ ለምታስቡ ወጣቶች፤

ወደ እኔ ስትመጡ አስቀድማችሁ የምትጠይቁኝ ስለ ንግድ ፈቃድና ስለ ብድር ነው። እኔ ግን ነገሩን ከድስት እንድትጀምሩት እመክራችኋለሁ። ሱዳናውያን ለቁርስ የሚበሉት ፉል አንገቱ ጠባብ በሆነ ድስት፣ በዝግታ እሳት፣ ሌሊቱን ሲበስል ያደረ ባቄላ ነውና ገዥው ከሁሉ በፊት የሚሻው ፍሬው እኩል የሚበስል መሆኑን ነው።

ይህን የተማርሁት በኪሳራ ነው። ከፋርጣና ከጋይንት ደጋ የገዛሁት አዲስ ባቄላ ለጭነት ስላልሞላልኝ፣ ባሕር ዳር መጋዘን ውስጥ የከረመ የአምና ባቄላ ቀላቅዬበት ሰደድሁ። ለዓይን ልዩነት አልነበረውም። በሱዳኗ ገዳሪፍ ከተማ ያለው ደንበኛዬ ግን አንድ ፉል ሻጭ ዘንድ ወስዶ ድስቱን አስከፈተልኝ፤ ግማሹ ፈርሷል፣ ግማሹ እንደ ጠጠር ነው። በሙቀትና በእርጥበት የከረመ ባቄላ ውስጡ ስለሚጠነክር ቢቀቅሉት እሺ አይልም፤ የሐይቃችን ዳር ወበቅ ደግሞ ለዚህ የተመቸ ነው። ካሳውን በአንድ ቀን ከፈልሁ፤ የዚያን ሰው አመኔታ ለመመለስ ግን ሦስት ዓመት ፈጀብኝ። ከዚያ ወዲህ ከየጭነቱ አንድ ኩባያ ሳልቀቅልና ሳልቀምስ መኪና አስነሥቼ አላውቅም።

ጊዜውንም አስተውሉ። የደጋችን ባቄላ በኅዳርና በታኅሣሥ ይሰበሰባል፤ በሰሜን ሱዳን በመስኖ የሚለማው ባቄላ (ከደጃችን የሚወጣው ዓባይ ወርዶ የሚያጠጣው መሆኑ ሁልጊዜ ይደንቀኛል) የሚደርሰው ግን በየካቲት መጨረሻና በመጋቢት ነው። ስለዚህ ነቀዝ ሳይገባው አበጥራችሁ፣ የዕፅዋት ጤና ማረጋገጫውንና ባቄላው የአገራችን ምርት መሆኑን የሚመሰክረውን ወረቀት ቀድማችሁ አውጥታችሁ፣ የእነርሱ አዲስ ምርት ገበያ ሳይሞላ መድረስ ይኖርባችኋል።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ በመተማ በኩል የሚደረገው ንግድ ከበፊቱ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በቃል መተማመን ለብዙ ዘመን ያኖረን ቢሆንም፣ ዛሬ ገንዘቡ በባንክ መግባቱ ሳይረጋገጥ ጭነት ከአዘዞ ወደ መተማ እንዳታሳጥፉ እለምናችኋለሁ። ከሁሉ በላይ የገበሬውን ባቄላ በዱቤ አትውሰዱ፤ መንገድ ቢዘጋ የሚራበው የእርሱ ቤት ነው።

ናሙና ይዛችሁ ብትመጡ ማታ አብረን እንጥደዋለን፤ ጠዋትም እንቀምሰዋለን።