«ከላይ የመጣ ነው» ለምትባሉ ወጣቶች

ውድ የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች፣

ከወሎ ዩኒቨርሲቲ በሒሳብ አያያዝ፣ በኢኮኖሚክስ፣ በሕግ ወይም በምህንድስና ተመርቃችሁ የባንክና የመንግሥት ልማት ድርጅት የቅጥር ማስታወቂያ የምትከታተሉ ብዙ ናችሁ። ይህን የምጽፍላችሁ ሥራ በገባችሁ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የምትሰሙት አንድ አነጋገር ስላለ ነው፦ «ይሄ ከላይ የመጣ ነው።» ማን እንዳለው አይነገርም። ቀን የለውም፣ ቁጥር የለውም፣ ማኅተም የለውም። ከሥሩ የሚፈርመው ሰው ግን ስም አለው፤ ያ ስም የእናንተ ነው።

ተጠያቂነት ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው እስር ነው። እስር የመጨረሻው፣ ያውም አብዛኛውን ጊዜ የዘገየው ክፍል ነው። ተጠያቂነት የሚጀምረው ውሳኔውን የሰጠው ሰው ስሙ ወረቀቱ ላይ ሲገኝ ነው። ያዘዘውና የፈረመው ከተለያዩ አንዱ «እኔ አልፈረምኩም» ይላል፣ ሌላው «ታዝዤ ነው» ይላል፣ ገንዘቡ መሀል ሜዳ ይቀራል። አባቶቻችን «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ሲሉ የኖሩበት ዘመን አልፏል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን እንዳለበትና ኃላፊም ተጠያቂ እንደሚሆን ደንግጓል። አንቀጹን በተግባር የሚያኖረው ወይም የሚገድለው ግን ቢሮ ውስጥ የሚንቀሳቀሰው ፋይል ነው።

ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከአዋሽ ተነስቶ በኮምቦልቻ በኩል ሐራ ገበያ የሚደርሰው የባቡር መስመር 390 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል። በ2004 ለቱርኩ ያፒ መርኬዚ የተሰጠው ውል 1.7 ቢሊዮን ዶላር ነበር። ድልድዩ ተሠራ፣ ዋሻው ተበሳ፣ ሐዲዱ ኮምቦልቻ ደረሰ። መስመሩ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው፤ ኃይሉን የሚያቀርበው ደግሞ ከባቡር ኮርፖሬሽኑ ውጭ ያለ ሌላ የመንግሥት ድርጅት ነው። ሐዲዱ ኃይል ሲጠብቅ ዓመታት አለፉ፤ በ2014 ደግሞ ጦርነቱ ከተማችን ሲደርስ የመስመሩ ንብረት ለዘረፋና ለውድመት ተዳረገ። የውጭ ብድር ወለድ ግን መብራት እስኪመጣ አይጠብቅም። እንዲህ ባለ ሥራ ላይ የምትመደቡ መሐንዲሶች ከንድፉ አስቀድማችሁ አንድ ሰነድ ጠይቁ፦ ሁለቱ ድርጅቶች በጋራ የፈረሙት የጊዜ ሰሌዳ። ኃይሉ በየትኛው ቀን፣ በየትኛው ማከፋፈያ ጣቢያ እንደሚደርስ፣ ካልደረሰ የዘገየበትን ወጪ ማን እንደሚሸከም የሚናገር ወረቀት። ሁለቱም የመንግሥት ናቸውና «እንግባባለን» ተብሎ ከታለፈ፣ ሥራው ሲቆም ሁለቱም በየራሳቸው ሪፖርት ንጹሕ ሆነው ይገኛሉ።

አሁን ወደ ባንኩ ልግባ፤ እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ።

አንድ የብድር ፋይል ሲከፈት በቅደም ተከተል የሚገኙት ማመልከቻው፣ የንግድ ፈቃዱና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ፣ የሥራ ዕቅዱ፣ የተመረመረ የሒሳብ መግለጫ፣ ከብሔራዊ ባንክ የብድር መረጃ ማዕከል የመጣው የተበዳሪው ታሪክ፣ የመያዣው ግምት፣ የብድር ተንታኙ አስተያየት፣ የብድር ኮሚቴው ቃለ ጉባኤ፣ ከዚያ ውሉ ናቸው። ቀኖቹን አንድ በአንድ አንብቡ። የኮሚቴው ቃለ ጉባኤ የተጻፈበት ቀን ከተንታኙ አስተያየት ከቀደመ፣ ውሳኔው አስቀድሞ ተሰጥቶ ትንተናው ለመሸፈኛ የተሠራ ነው። የመያዣው ግምት የተበዳሪው ጥያቄ ላይ ልክ የሚገጥም ከሆነ ግምቱ ከቦታው አልተነሣም፤ ከሚፈለገው ገንዘብ ወደ ኋላ ተሰልቷል። ካርታ ብቻ አይታችሁም አትመኑ። በጋምቤላ ለዝናብ እርሻ በተሰጡ ብድሮች ላይ በተደረገው ጥናት የባለሀብቶች መሬት አንዱ በሌላው ላይ ተደራርቦ ተገኝቷል። ሁለት ካርታ፣ አንድ መሬት። የመሬቱን ማዕዘኖች በጂፒኤስ ወስዶ ከጎረቤቱ ካርታ ጋር ማስተያየት የአንድ ቀን ሥራ ነው።

ብድር ከተለቀቀ በኋላ ዋናው የጥፋት መንገድ ማራዘሚያ ነው። ለረጅም ዓመታት በሥራ ላይ በቆየው የብሔራዊ ባንክ መመሪያ ብድር በአምስት ይመደባል፦ ጤናማ፣ ልዩ ክትትል የሚሻ፣ ከደረጃ በታች፣ አጠራጣሪ፣ የጠፋ። ባንኩ ለእያንዳንዱ በየደረጃው 1፣ 3፣ 20፣ 65 እና 100 በመቶ መጠባበቂያ፣ ማለትም ብድሩ ባይመለስ ለኪሳራው የሚቀመጥ ገንዘብ፣ ሲይዝ ኖሯል። ክፍያው 90 ቀን ሲያልፈው ብድሩ ከተበላሹት ይቆጠራል። መያዣውን ለጊዜው ተዉትና በዚሁ ስሌት 100 ሚሊዮን ብር አስቡ። ጤናማ ሲባል ባንኩ የሚይዘው 1 ሚሊዮን ነው፤ ከደረጃ በታች ሲወርድ 20 ሚሊዮን ይሆናል። ልዩነቱ 19 ሚሊዮን ነው፤ በቀጥታ ከዓመቱ ትርፍ ይቀነሳል። ስለዚህ በ80ኛው ወይም በ85ኛው ቀን አንድ የማራዘሚያ ውል ብቅ ይላል። ተበዳሪው አንዲት ብር ሳይከፍል ቀኑ ከዜሮ ይጀምራል፣ ወለዱ ከዋናው ብድር ጋር ይደመራል፣ ሪፖርቱ ላይ ትርፍ ሆኖ ይታያል። ማራዘሚያ በራሱ ክፉ አይደለም፤ ኮምቦልቻ ውስጥ ጦርነቱ ያቆመው ፋብሪካ ጊዜ ሊሰጠው ይገባል። የምትጠይቁት ጥያቄ አንድ ነው፦ ካለፈው ማራዘሚያ ወዲህ በጥሬ ገንዘብ ስንት ገባ? መልሱ ምንም ከሆነ ብድሩ ሞቷል፤ ያልተነገረው ለሪፖርቱ ብቻ ነው።

የመንግሥት ድርጅቶች ብድር ሲሆን ነገሩ ይከብዳል። ለአንድ ተበዳሪ የሚሰጥ ብድር ከባንኩ ካፒታል 25 በመቶ እንዳይበልጥ የሚል ገደብ አለ። ገደቡ የተሠራው አንድ ደንበኛ ሲወድቅ ባንኩን ይዞት እንዳይወድቅ ነው። ለኃይል፣ ለስኳርና ለባቡር በቦንድና በመንግሥት ዋስትና የወጣው ገንዘብ ግን የኢትዮጵያ ንግድ ባንክን በጥቂት ትከሻዎች ላይ አንጠለጠለው። «መንግሥት ዋስ ነው» ሲባል ተንታኙ እስክሪብቶውን ያስቀምጣል፤ ፕሮጀክቱ ይከፍላል ወይ ብሎ የሚጠይቅ ይጠፋል። ዕዳው ሲከማች በ2013 የዕዳና ሀብት አስተዳደር ኮርፖሬሽን ተቋቋመና ዕዳው ወደዚያ ዞረ፤ በ2017 ደግሞ ባንኩን ለማዳን 900 ቢሊዮን ብር ገደማ የሚሆን የመንግሥት ቦንድ ጸደቀ። ባንኩን ማዳኑ ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ፤ የሕዝብ ቁጠባ ያለበት ቤት ነው። ነገር ግን ዕዳ ከድርጅት ወደ ድርጅት ሲዞር ከገንዘቡ ጋር ፋይሉም መዞር አለበት። ማን ወሰነ፣ በየትኛው ጥናት፣ የትኛው ግምት ተሳሳተ የሚለው ካልተዛወረ ገንዘቡን ሕዝብ ከፍሎ ትምህርቱን ማንም አይወስድም።

የልማት ባንክም ታሪክ ከዚህ የራቀ አይደለም። ከ2003 ጀምሮ የግል ባንኮች ከሚሰጡት ብድር 27 በመቶ የሚሆነውን ለብሔራዊ ባንክ ቢል (የብድር ሰነድ) መግዣ እንዲያውሉ ተገደዱ፤ ገንዘቡ ወደ ልማት ባንክ ፈሰሰ። ግዴታው በ2012 ሲነሳ የልማት ባንኩ የተበላሸ ብድር ወደ 40 በመቶ ተጠግቶ ነበር። ደሴ ላይ አንድ ነጋዴ ባንክ ሲሄድ «ገንዘብ የለም» ይባል የነበረበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

በሌላ በኩል ይህን አስታውሱ። ለመጋቢት 7 ቀን 2016 አጥቢያ በንግድ ባንክ ሲስተም ላይ በደረሰው ችግር 801 ሚሊዮን ብር ያህል ያለ አግባብ እንደተንቀሳቀሰ ባንኩ ተናገረ። ከወሰዱት ብዙዎቹ ተማሪዎች ነበሩ፤ ያልመለሱት ሰዎች ስም ይፋ ተደረገ። የሌላውን ገንዘብ መውሰድ ጥፋት ነው፤ መመለሱም ተገቢ ነበር። በእድሜ እኩዮቻችሁ ላይ የተሠራበት ፍጥነት ግን በቢሊዮን ብሮች ፈራሚዎችም ላይ ሲሠራበት ማየት መብታችሁ ነው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት የሚሞተው ያን ቀን ነው።

ቦርድ ላይ የምትቀመጡበት ቀን ይመጣል፤ አንዳንዶቻችሁ ሠራተኛው መርጧችሁ ልትገቡ ትችላላችሁ። የመንግሥት ልማት ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 25/1984 ለሠራተኛው ጠቅላላ ጉባኤ ከቦርዱ እስከ ሲሶ የሚደርስ መቀመጫ ሰጥቶ ነበር፤ ዛሬ የሚሠራበትን ሕግ አረጋግጡ። ሰብሳቢው ሚኒስትር ከሆነ ክፍሉ ውስጥ ዝምታ ይበዛል። ያው ሰው ቦርዱን ይመራል፣ ያው ሰው ለምክር ቤት ስለ ድርጅቱ ይመልሳል፤ ራሱን እንዴት ይጠይቅ? እዚያ ላይ የእናንተ መሣሪያ ቃለ ጉባኤው ነው። «በሙሉ ድምፅ ተወሰነ» የሚል ከመጻፉ በፊት የልዩነት ሐሳባችሁ ከነምክንያቱ እንዲመዘገብ ጠይቁ፣ ሳታነቡ አትፈርሙ፣ ከገጾቹ በእያንዳንዱ ላይ ፈርሙ።

ከውጭ ሆናችሁ የምትጠይቁ ደግሞ የኦዲት ሪፖርት ማንበብ ልመዱ። መጀመሪያ ኦዲተሩ ሒሳቡን ያለ ነቀፌታ ተቀብሎታል፣ ከጥቂት ጉዳዮች በስተቀር ተቀብሎታል፣ አልተቀበለውም ወይስ አስተያየት መስጠት አልቻለም የሚለውን እዩ። ቀጥሎ ያለፈው ዓመት ግኝት ዘንድሮም ተደግሞ እንደሆነ አመሳክሩ፤ ተደጋጋሚ ግኝት ማለት የተጠየቀ ሰው የለም ማለት ነው። መረጃ ከፈለጋችሁ በአዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት በጽሑፍ ጠይቁ፤ ተቋሙ በ30 ቀን ውስጥ መመለስ አለበት። ካልመለሰ ለተቋሙ የበላይ ኃላፊ፣ ቀጥሎ ለእንባ ጠባቂ ተቋም፣ ከዚያ ለፍርድ ቤት ማለት ትችላላችሁ። የደንበኛ ሒሳብ አትጠይቁ፤ ሚስጥር ነው ተብሎ ይከለከላል፣ መከልከሉም ትክክል ነው። የቦርድ አባላትን ዝርዝር፣ የዓመቱን የሒሳብ መግለጫ፣ የግዥ ውሉን ጠቅላላ ዋጋ ጠይቁ።

አሁን ወደ መጀመሪያው ነገር ልመለስ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 73 ያዘዘውን፣ በአንቀጽ 74 የታዘዘውን ይመለከታል። ትዕዛዙ ሕገ ወጥ መሆኑን እያወቃችሁ ከፈጸማችሁ «ታዝዤ ነው» ብቻውን አያድናችሁም። ወንጀል ካያችሁ ለጠቋሚዎችና ለምስክሮች ጥበቃ የወጣ አዋጅ አለ፣ ቁጥር 699/2003፤ ሳትጠቁሙ በፊት አንብቡት። አብዛኛው ጉዳይ ግን እዚያ አይደርስም። አለቃችሁ በስልክ ካዘዛችሁ በኋላ በእርጋታ፣ ያለ ቁጣ፣ ይህን የሚመስል አጭር ደብዳቤ ጻፉ፦

«ዛሬ ጠዋት በስልክ የተበዳሪው ድርጅት የብድር ማራዘሚያ ነገ ለኮሚቴ እንዲቀርብ አዝዘውኛል። የገንዘብ ፍሰት ትንተናው አልተጠናቀቀም፤ የመያዣው ግምትም ሁለት ዓመት አልፎታል። ትዕዛዙን በትክክል ተረድቼው እንደሆነ በጽሑፍ እንዲያረጋግጡልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።»

አብሽሩ፤ ይህ አመፅ አይደለም፣ ሥራ ነው። ብዙ ጊዜ መልስ አይመጣም፤ ማራዘሚያው ራሱ ግን ይቀራል። ደብዳቤውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣችሁ አትውጡ፤ መዝገብ ቤት ወስዳችሁ ቁጥር አሰጡት፣ ግልባጩን ፋይሉ ውስጥ አያይዙ። የባንክ ሰነድ ቤት አይወሰድም። ማስታወሻ ደብተራችሁ ላይ ቁጥሩንና ቀኑን ብቻ ጻፉ።